ወንዙ የቆመ ዕለት

እኔና ባለቤቴ ፈንታሁን በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የረገበ የገመድ አልጋ ማጥበቅ ነበር። ገዳሪፍ በምንኖርበት ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአጥሩ ጥላ ወደ እኛ ሲመጣ ነው። እሱ በግርጌው በኩል ተቀምጦ አንድ እግሩን አልጋው ላይ ተክሎ ገመዱን ይስባል፤ እኔ የተሳበው እንዳይመለስ ቋጠሮውን በአውራ ጣቴ እይዛለሁ። «ያዢ» ይለኛል፣ እይዛለሁ። «ልቀቂ» ይለኛል፣ እለቃለሁ። ሌላ ወሬ አላወራንም። ሲጨርስ አልጋውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «አሁን ሰው ይችላል» አለ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ራቱን በላ። በማግሥቱ ደረቴን አለ። ከሐኪም ቤት በሕይወት አልተመለሰም።

አርባው ከወጣ በኋላ የሚካኤል ማኅበርተኞች መጡ። እነዚህ ሰዎች በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ እኔና ፈንታሁን ሰው እናሻግርበት የነበረውን ወንዝ ተሻግረው የተረፉ ናቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየወሩ በአሥራ ሁለት ጽዋ ያነሣሉ። ጠላ እዚህ አገር ክልክል ስለሆነ ጽዋውን የሚሞሉት ከርከዴ በሚሉት ቀይ የአበባ ሻይ ነው። የማኅበሩ መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ አያ ደሴ ነው። እሱ ነበር የተናገረው።

«የሺ፣ ተራው የፈንታ ነበር። በሕይወት ሳለ ጽዋውን ከቤቴ አላስገባም አለን፣ ታገስነው። አሁን አንቺ ተቀበይው።»

«ምን ብዬ ልቀበል?» አልሁት።

«ምን ብዬ ትያለሽ እንዴ! ሚካኤል ውሃ ያቆመልን ፈንታ በሚያሻግርበት ወንዝ ላይ ነው። በዓይኑ ያየ ሰው ቤት ካልገባ የት ይገባል?»

ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። ትርንጎ ይህን ከጎረቤት ሰምታ በዚያው ሳምንት መጣች። ትርንጎ እናቷ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ወንዝ የሞተችባት ልጅ ናት። እኔና ፈንታሁን ልጅ ስላልነበረን አሳደግናት። አሁን ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። ጫማዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ወላሂ እማ፣ ጽዋው እዚህ ቤት ከገባ እኔ አልገባም» አለችኝ። «እናቴ ለሞተችበት ቀን እልል የሚባልበት ቤት የኔ ቤት አይደለም። ኻላስ፣ አለቀ።»

ባሌን ቀብሬ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ልጄ ልትሄድብኝ ነው። ማኅበርተኞቹ ደግሞ ፈንታሁንን ሲያከብሩት የኖሩ፣ አስከሬኑን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ለሁለቱም መልስ ለመስጠት ፈንታሁን ያን ቀን ምን እንደሠራ ማወቅ ነበረብኝ። አብሬው ነበርሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን አላውቅም። ስለዚህ ሥራችንን ከመጀመሪያው ልጻፈው አልሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ብዕሩን ይዤ ተቀምጬ አንድ መስመር ሳልጽፍ ይመሻል።

ፈንታሁን የአርማጭሆ ቆላ ልጅ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያደገ ዋናተኛ። ወደ ሱዳን የመጣው ሰሊጥ ሊያጭድ ነበር። እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ከጨረስሁ በኋላ አገሩ ሲከፋ ከወንድሜ ጋር በመተማ በኩል ወጣሁ፤ ገዳሪፍም የአገራችን ሰው የሆነ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ገባሁ። ፈንታሁን ለሰሊጥ አጫጆቹ ስኳርና ሻይ ሊገዛ ይመጣ ነበር። ስኳሩን ከመዘንሁለት በኋላ ሳይሄድ ይቆማል። ነጋዴው አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ስኳሩ ነው ወይስ መዛኟ ናት የጣፈጠችህ?» አለው። በሚቀጥለው ዓመት ተጋባን።

የሰሊጥ አጨዳ ወገብ ይቆርጣል፣ ሲያልቅም ሥራ የለም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከወንዝ ዳር ሰው የሚያሻግር ሽማግሌ ዋና የሚችል ረዳት ይፈልጋል ብሎ ነገረን። ሄድን።

ወንዙ እኛ ትልቁ አንገረብ የምንለው ነው። ከአገራችን ተራራ ይነሣል፤ ሱዳን ሲደርስ ባሕር ሰላም ይሉታል፤ መጨረሻው አትባራ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ውስጥ ነው። መሻገሪያው ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ከላይ ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ ዛፉም በጣት የሚቆጠር ነው። ወደ ወንዙ ሲወርዱ ግን ሌላ አገር የገቡ ይመስልዎታል። ሾላው፣ ሁመሩ፣ ሱዳኖቹ ሱንት የሚሉት ግራር እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ሐረጉ ከዛፍ ዛፍ ተጥሎ፣ በቀትር ፀሐይ መሬት አይነካም። ጦጣው ይጮኻል፣ ቅጠሉ ከታች በስብሶ እንደ ጭቃ ይረግጡታል። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ፈንታሁንን «እዚህ ውስጥ መንገድ ቢጠፋኝ ማን ያገኘኛል?» አልሁት። «ውሃው የሚሄድበትን ተከተይ» አለኝ። ኋላ ውሃው ራሱ የት እንደሚሄድ የሚጠፋበት ቀን እንዳለ አየሁ።

ሽማግሌው ዓም ኢድሪስ ይባላል። ዓም ማለት በዐረብኛ አጎት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ይጠራው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። ማሻገሪያው የተነፉ የፍየል ስልቻዎች ከሥሩ የታሰሩበት፣ ዋናተኛ እየገፋ የሚያሻግረው የገመድ አልጋ ነበር። ስልቻዎቹን ጠዋት ጠዋት ይነፋል፣ አፋቸውን ያስራል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ትንፋሽ የሚያወጣውን ሌላው ሰው ምንም ሳይሰማ ለይቶ ያስቀምጠዋል። ማታ በሰሊጥ ዘይት ያሻቸዋል። ዘይቱን ለምግብ ስንቆጥብ ለስልቻ ሲያፈስ አይቼ ባጉረመርም «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንቺ ብትከሺ ትኖሪያለሽ፣ ስልቻው ከደረቀ ግን ሰው ይሞታል» አለኝ።

ሰው ከማሻገሩ በፊት አንድ ፍሬ ተምር ጉንጩ ውስጥ ያስይዘዋል። እንዳይበላው ያስጠነቅቀዋል። ተምር በጉንጩ የያዘ ሰው መሃል ላይ ቢደነግጥ እንኳ አፉን ከፍቶ አይጮህም፣ ውሃም አይጠጣም። የማሰሩን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ተሻጋሪው ውሃውን እያየ እንዳይዞርበት ዓይኑን በራሱ ነጠላ እሸፍናለሁ፤ ወደ ታች የሚስብ ጥይትም ሆነ ብረት፣ አንገት ላይ የታሰረ እህልም ካለው አስፈታለሁ፤ ከዚያ ብብቱ ሥር አስሬ አልጋው ላይ አስቀምጣለሁ። ቋጠሮው ውሃ ሲነካው የሚጠብቅ፣ ጫፉ ሲሳብ ግን ባንዴ የሚፈታ መሆን አለበት። ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከልማዶቹ ሁሉ የገረመን አንዱ ነው። ዓም ኢድሪስ አንድም ቀን፣ ንጉሥ ቢመጣ እንኳ፣ ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት ቦታ ወርዶ ትልቁን ወንዝ፣ አትባራን፣ ሳያይ ሰው አያሻግርም። እዚያ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሰላም ዓለይኩም» ይለዋል። ፈንታሁን በመጀመሪያው ሰሞን ሳቀበት።

«ወንዝ ሰላምታ ይመልሳል እንዴ?»

«አይመልስም። እኔ ግን ፊቱን አያለሁ» አለው። ቀጥሎም በዝግታ አስረዳው። «ትልቁ ሲሞላ ትንሿን፣ ይህችን የኛን፣ አያስገባትም። ደጁ ላይ ያቆማታል። እሷም መሄጃ ስታጣ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ብታያት ሕፃን የሚሻገራት ይመስልሃል። ትልቁ ጎደል ብሎ በሩን ሲከፍትላት ግን ያጠራቀመችውን ሁሉ ይዛ ነው የምትሮጠው። ስትጮህ አትፍራት፣ ዝም ስትል ፍራት።»

ከዚያ ወዲህ ፈንታሁን አልሳቀም። ሽማግሌው ጉልበቱ ሲደክም ጠዋት ጠዋት ወደ መገናኛው የሚወርደው እሱ ሆነ። ሰላምታውን እንኳ ወረሰ፤ እሱ ግን «እንዴት አደርህ» ነበር የሚለው።

ከዚያ ድርቁ መጣ። እኛ አንድ ሁለት ነጋዴና እረኛ እናሻግር የነበርን ሰዎች፣ ከወገራ ከስሜን ከጠገዴ የሚመጣውን ሕዝብ ማየት ጀመርን። አንድ የእርዳታ ድርጅት በእኛ በኩል ድንኳን ተከለ፤ እኛንም ቀጠረን። ደመወዙ ከቀድሞው ይሻል ነበር፣ የመታወቂያ ወረቀትም ሰጡን። አለቃችን፣ ሙዲር የምንለው፣ ሱዳናዊ ወጣት ነበር፤ ደግ ግን ችኩል። በበጋው መኪኖቹ ደረቁን አሸዋ እያቋረጡ ማዶ ድረስ እህል ያደርሱ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ መጣና እህሉ ወዲህ፣ ሰዉ ወዲያ ቀረ።

የለመድነው አሠራር ሁሉ ከዚህ ሕዝብ ጋር አልሄድ አለ። ተምሩን ጉንጫቸው ውስጥ ስናስገባው ይውጡታል። የራበው ሰው እንዴት ይያዘው? መሃል ላይ አፋቸው ባዶ ይሆንና ይጮኻሉ። ፈንታሁን ከጫካው የዶም ዘንባባ ፍሬ ለቅሞ አመጣ፤ እሱ እንደ ድንጋይ ስለሆነ እስኪሻገሩ ቢያኝኩትም አያልቅም። አንድ ቄስ ግን እሱንም አልይዝም አሉ። የሰኔ ጾም ነበር።

«ገና ሰዓቱ ሳይደርስ ምን ልብላ ነው የምትሉኝ?» አሉ።

«አይብሉት አባ፣ ይያዙት ብቻ» አላቸው ፈንታሁን።

«ጣዕሙ ከገባሳ?»

ዓም ኢድሪስ ምን እንደሚሉ አስተረጎመኝና ድምፅ በሌለው ሳቁ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «እኔም በረመዳን አሻግሬአለሁ» አለ። «ለእሳቸው ጠጠር ስጧቸው።» አፋቸው ውስጥ ጠጠር ይዘው ተሻገሩ። ከውሃው ሲወጡ ተፍተው ባረኩን።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት የሆነውን አሁን እጽፋለሁ።

ከዚያ በፊት ለቀናት ዘንቦ ወንዙ ስለጨከነ ሥራ አቁመን ነበር። አልጋውን ብናወርድ ግንድ ይሰብረዋል። ከማዶ ጫካ ውስጥ ጭስ ይታየናል፣ ሰው ሲሞት የሚያለቅሱት ይሰማናል። በዚያ ጠዋትም ለቅሶ ነበር። ዓም ኢድሪስ ወባ ይዞት ተኝቷል። ፈንታሁን እንደ ልማዱ ወደ መገናኛው ወረደ።

እሱ በሄደበት ወንዙ ቆመ። መጀመሪያ ያስተዋልሁት በጆሮዬ ነው። ለቀናት ሲያጓራ የነበረው ድምፅ ቀረና ወፎቹ ተሰሙ። ሮጬ ብወጣ ውሃው ላይ አረፋው ባለበት ይዞራል፣ አይሄድም። ቅጠል ወድቆ እዚያው ይቀመጣል። ከማዶ ዳር ሰዎች ወጥተው ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች። አንድ ሰው «ሚካኤል ነው! ዛሬ ቀኑ ነው!» አለ። ባሕር ከፍሎ ሕዝብ ያሻገረ መልአክ ነው፤ እነሱም በቀኑ ተርበው የቆሙ ሕዝብ ናቸው። ምን ሊሉ ኖሯል? ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ የታመመውን አዝለው፣ እየዘመሩ ገቡ። ውሃው እስከ ወገብ ነበር፤ አይገፋም። እኔ ራሴ አማተብሁ።

መሃል ደርሰው ሳለ ፈንታሁን ከታች በኩል እየሮጠ መጣ። ትልቁን ወንዝ አይቶታል፤ ሩጫው ይነግረኛል። ግን ዳር ሲደርስ ቆመ። ሰዎቹን አየ፣ ውሃውን አየ። አፉን ከፈተና ሳይናገር ዘጋው። ባርኔጣውን አወለቀ። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነው። «ፈንታ! ምንድን ነው?» ብዬ ጮኽሁ። ከዚያ ዘሎ ገባና የሚመጣውን ሰው እየሰነጠቀ ወደ ማዶ ሄደ።

እኔ በዚህ ዳር ሆኜ የሚወጡትን እጃቸውን እየያዝሁ እስባለሁ። ዓይኔ ግን እሱ ላይ ነው። ማዶ ደርሶ እጁን ዘርግቶ ገና ያልገቡትን ሲያግድ አየሁት። «ጠብቁ! አትግቡ! አልጋውን አመጣለሁ!» ይላል። ማን ይሰማዋል? እየገፉት አለፉ። የቆመችለት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የትርንጎ እናት፣ ውባለም። እግሮቿ በረሃብ አብጠው ነበር። ከአንድ የሁመር ዛፍ ሥር አስቀመጣት፣ ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈትቶ አንገቱ ላይ አደረገና ተመለሰ። የቀሩት ከዛፉ በላይ የተኙ መነሣት የማይችሉ በሽተኞች ናቸው።

ሕዝቡ ሁሉ ወጣ። ፈንታሁን የመጨረሻው ነበር። ሕፃኗን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ «ያዢ» አለኝና አልጋውን ለማውረድ ዞረ። በዚያች ቅጽበት አረፋው መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ቀስ ማለቱን ተወ። ትርንጎ ክንዴ ላይ ታለቅሳለች። ውባለም ለቅሶዋን ሰምታ ተነሣች፣ ሁሉም ሰው ወዲህ እንደሆነና ወዲያ ከበሽተኞቹ ጋር ብቻዋን እንደቀረች አየች፣ ገባች።

«ተመለሽ! ተመለሽ እናቴ!» እያለ ፈንታሁን አልጋውን ጥሎ ገባ። አልተመለሰችም። መሃል ሳይደርስ ውሃው ሁለቱንም ከዓይኔ ወሰዳቸው።

እሱን ከሰዓት በኋላ ከታች ጫካ ውስጥ አገኙት፤ ውሃው የገባበት ግራር መሃል፣ ሰውነቱ በእሾህ ተቦጫጭቆ ዛፍ ለዛፍ ሲፈልጋት። እሷን አላገኘናትም። ወንዙ በዚያ ዕለት ከዚያ ሁሉ ሰው የወሰደው እሷን ብቻ ነው፤ ጠብቂ ተብላ የጠበቀችውን። በሽተኞቹን ውሃው ሲጎድል በአልጋ አሻገርናቸው።

የተሻገሩት የፈንታሁንን ጉልበት ይስሙ ነበር። እሱ እግሩን ይሰበስባል። ሙዲሩ በደስታ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት «ያ ፈንታ፣ ይህን ሁሉ ሰው አተረፍህ!» ይለዋል። ኋላም የምስጋና ወረቀት አስመጣለት። ፈንታሁን ተቀብሎ ለትርንጎ ሰጣት፤ ሕፃን ናት፣ አኘከችው።

ዓም ኢድሪስ ወባው ሲለቀው እኛ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርነው። «የትልቁ ወንዝ ሥራ ነው» አለ። ከዚያ ጢሙን እየነካካ «ግን ይህን ያህል ጊዜ ቆማ አይቼ አላውቅም። ሕዝቡ ሁሉ እስኪወጣ?» አለ። «አላውቅም። እኔም አላውቅም።» ሽማግሌው ስለ ወንዝ አላውቅም ሲል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ፈንታሁንን ለምን ዳር ላይ እንደቆመ ጠይቄዋለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት «አመንሁ፣ የሺ» አለኝ። «ትልቁን ሞልቶ አይቼዋለሁ፣ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ግን እየዘመሩ ሲመጡ ሳይ አመንሁ። ለጥቂት ጊዜ።»

ድንኳኖቹ ሲነሡ፣ ዓም ኢድሪስም ሲሞት ወንዙን ትተን ኒው ሀልፋ ሄድን። እዚያ ፈንታሁን የመስኖ ቦይ በር ጠባቂ ሆነ፤ ሲያዙት ብረቱን እያዞረ ውሃ ይለቃል፣ ይዘጋል። እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለአገራችን ሴቶች አስተርጓሚ ሆኜ ሠራሁ። ሥራው ቀላል ነበር፣ እሱ ግን አልወደደውም። «ይኸ ውሃ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፤ ምኑን አየዋለሁ?» ይላል። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ሄጄ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁት። መልሱ ሌላ ነበር። «መሃል ነበሩ። ብጮህ ግማሹ ይዞር ነበር፣ ግማሹ ይወድቅ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልሁ።» የቱ ነው እውነቱ? ሲናገራቸው ሁለቱንም ከልቡ ነበር።

ጉልበቱ ሲደክም ወደ ገዳሪፍ ተመለስን፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ኋላ ግድብ ተሠርቶ መሻገሪያው በሐይቅ ተዋጠ ሲሉን ሰማን። ፈንታሁን ሄዶ ማየት አልፈለገም። የማኅበሩ ጽዋ ሌላ ሰው ቤት ሲነሣ ይሄድ ነበር። ጽዋው እሱ ዘንድ ሲደርስ ይስመውና ሳይቀምስ ያሳልፈዋል። በዚያ ዘመን ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅሁት።

«የቆምሁት ምን ያደርጋል?» አለኝ። «እሱን አይደለም የማስበው። ባላውቅ ኖሮ ትሻገር ነበር፣ የሺ። ከዓም ኢድሪስ ምንም ባልማር፣ እንደ ሌላው ሰው አምኜ 'ነይ፣ ያዢኝ' ብላት፣ በትከሻዬ ደግፌ አወጣት ነበር። ጊዜው ይበቃ ነበር። ጠብቂ ያልኋት ስለማውቅ ነው።»

ይህን ካለኝ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁትም።

ትርንጎን ወደ ሱቋ ሄጄ ነገርኋት። እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ፣ ከዚህ በፊት ያልነገርኋትንም፣ በመደዳው። ደንበኛ ሲመጣ እናቆማለን፣ ሳሙናውን ይዞ ሲሄድ እንቀጥላለን። ስጨርስ የሳሙናውን ካርቶን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ የሞተችው እሱን ሰምታ ነው?»

«አዎ።»

«እሱስ የነገራት ሐቁን ነው?»

«ሐቁን ነው።»

«ታዲያ በማን ልናደድ?»

«አላውቅም ልጄ።»

«ወላሂ አንቺም አታውቂም!» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። «አንድ ሰው ያውቃል እያልሁ ነው እስካሁን የኖርሁ።»

አያ ደሴንም ቤቱ ሄጄ አነጋገርሁት። ጽዋውን አልቀበልም አልሁት። ተቆጣ።

«ተአምር አልነበረም ልትይ ነው? እኔ ውሃው ውስጥ ነበርሁ'ኮ!»

«አልነበረም አላልሁም አያ ደሴ። እኔም አማትቤአለሁ። ነበርም አልልም። አንዲት ሴት ጠብቂ ተብላ ጠበቀች፤ ይህንን ብቻ ነው የማውቀው።»

ቁጣው ከፊቱ ላይ ወረደ። ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «አጠገቧ ነበርሁ» አለ። «'ነይ እንሂድ እንጂ' ብያታለሁ። 'ልጄን ይዞልኛል፤ ጠብቂ ብሎኛል' አለችኝ። ትቻት ገባሁ። በየወሩ ጽዋውን ስይዝ ትዝ ትለኛለች። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።» ከዚያ ወዲያ ጽዋውን ተቀበይ አላለኝም። ሲሸኘኝ እስከ መንገዱ ድረስ ክርኔን ይዞ ሄደ።

የትኛው የፈንታሁን መልስ ትክክል እንደነበር አሁንም አልገባኝም። አንዳንድ ጠዋት ሦስቱም እውነት ይመስሉኛል፤ ሌላ ቀን አንዱም አይመስለኝም። ሚካኤልን እለምነዋለሁ፤ ግን ያን ዕለት አንስቼ አላመሰግነውም፣ አልወቅሰውምም።

አሁን በየወሩ በአሥራ ሁለት ለማኅበሩ የዳቦ ዱቄት በሰው እልካለሁ። እኔ ወደ ትርንጎ ሱቅ እሄድና አብሬያት ሳሙና ስሸጥ እውላለሁ።